አስቀድመው ለሚነግሩን

ፊልም በሚታይበት ቤት ሁሉ መጽሐፉን ያነበበ አንድ ሰው አይጠፋም። እድሜ ይስጠው! እርሱ ባይኖር ኖሮ ልብ አንጠልጣይ የተባለ ፊልም ሁሉ፣ ደም ግፊት ያለበትንም የሌለበትንም እኩል ሲያንገላታ ባመሸ ነበር።

እኛ ቤት ይህን ውለታ የሚውሉልን ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ «ዘ ፈርም»ን አየን፤ ጆን ግሪሻም እ.ኤ.አ. በ1991 ካሳተመው ልብ ወለድ በ1993 የተሠራውን፣ ቶም ክሩዝ የሚሮጥበትን። (የማይሮጥበትን እስካሁን አላገኘሁም።) ፈንዲሻው ገና ሳይቀርብ ጋሼ «ድርጅቱ የማፊያ ነው» ብለው ገላገሉን።

እርግጥ ፊልሙም ቢሆን ምስጢር ለመጠበቅ ብዙ አልደከመም። ከሃርቫርድ የወጣ ልጅ ሜምፊስ በሚገኝ የጥብቅና ድርጅት ይቀጠርና ቤትና መርሴዲስ ይሰጠዋል። እኔ ለአንድ ወንበር ሦስት ደብዳቤ የጻፍሁ ሠራተኛ ነኝ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጠበቆች ካይማን ደሴቶች ላይ ሞቱ ተባለ። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ያምራል፤ ሱፉ ያምራል፣ ቢሮው ያብረቀርቃል፣ ፒያኖው ይንቆረቆራል። አደጋ ሲቃረብ ፒያኖው ቀድሞ ይነግረናል፤ ከፒያኖው ቀድመው ደግሞ ጋሼ።

የጋሼ ጥበብ ጊዜ አመራረጣቸው ላይ ነው። ሌላው ሰው ከመጀመሪያው ዘክዝኮ ይጨርሳል፤ ሰሚው ይረሳዋል፣ ልፋቱም መና ይቀራል። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። ጀግናው በሌሊት የባሕር ዳርቻ ላይ ብቻውን ሲራመድ፣ ሲኒያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «አሁን አንዲት ሴት ታገኘዋለች። ተልካ ነው። ፎቶ አንሺም አለ» አሉ። እናቴ ደንግጣ «ኧረ ልጁን ንገሩት!» ስትል በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አይሰማም።»

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ትልቁን ስጦታ አወጡ፦ ልጁ ከድርጅቱ ሒሳብ 10 ሚሊዮን ዶላር አዛውሮ፣ ከሚስቱ ጋር በጀልባ ካሪቢያን ላይ ይሸሸጋል። መጽሐፉ በእርግጥ እንዲያ ይላል። እኛም ጀልባዋን መጠበቅ ጀመርን። ፊልሙ ግን ዶላሩንም ጀልባውንም ትቶ፣ ድርጅቱ ደንበኞቹን ከልክ በላይ እያስከፈለ ሒሳቡን በፖስታ መላኩን ወንጀል አደረገና፣ ልጁን ከነሚስቱ በአሮጌ መኪናቸው ወደ ቦስተን ሸኘው።

ጋሼ ቅንጣት አልደነገጡም። «ተሳስተዋል» አሉ፣ ሆሊውድን ማለታቸው ነው። «ትንሽ ጠብቁ፣ ጀልባዋ ትመጣለች።»

የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። በዚያ ምሽት ልቤ የተንጠለጠለው ያኔ ብቻ ነው።