ማሲንቆውን ያባረረው ዝናብ አይደለም

በመስቀል ሳምንት ጅማ ላይ ለሚታየው የገጠር ቤተሰብ ሙዚቃዊ ተውኔት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ቀርተው በተቀዳ ሙዚቃና በአንድ ኪቦርድ እንዲታጀብ ተወስኗል። ልጆች ከየከተማው ለበዓል እናት ቤት የሚሰበሰቡበት፣ ዘፈኑ ከምርቃቱና ከቡናው የማይነጠልበት ዝግጅት ነው። አዘጋጆቹ ያቀረቡት ምክንያት ደግሞ የጅማ እርጥበት ለባህል መሣሪያ አይመችም የሚል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

እርጥበቱስ እውነት ነው፤ መስከረምም ቢጠባ ጅማን ዝናቡ ቶሎ አይለቃትም። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፣ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። (በፀጉር የሚሠራው የድሮ የእርጥበት መለኪያም በዚሁ ጠባይ ነው የሚሠራው።) ቆዳውም ስለሚለሰልስ ክሩን ከፍ አድርጋ የያዘችው እንጨት ወደ ታች ትሰምጣለች፤ ያኔ ማሲንቆው እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ይህን ሁሉ የሚፈውሰው ግን አንድ ማንደጃ ፍም ነው። ቆዳውን ከፍሙ ክንድ ያህል አርቆ እያገላበጡ ማሞቅ፤ አስጠግቶ የሚቸኩል ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ከበሮውንም እንዲሁ፤ በጣት መታ መታ እያደረጉ፣ ድምፁ ሲጠራ ማቆም። እረፍት ላይ አንዴ መድገም። ደጋኑንም ሙጫ ወይም ዕጣን ማስነካት ነው፤ ያለዚያ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያስጮኸውም። ለዚህ ብሎ ኪቦርድ መከራየት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በልምምድ ላይ ድምፅ የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፦ ከመጋረጃ ጀርባ ቃኝቶ መውጣት። የመድረኩ መብራት ሲሞቅ ጭራውን ያደርቀዋል፣ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ዘፋኟ ዝቅ አለች ተብላ ትወቀሳለች። መብራቱን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አብርቶ እዚያው መድረኩ ላይ መቃኘት ነው። መጀመሪያ ዋሽንቱ ትንፋሽ እስኪያሞቀው ይነፋል፤ የተበሳ ቀዳዳ አይወጠርም አይላላም፣ ስለዚህ ክራሩ ወደ እሱ ይመጣል፣ ማሲንቆው ደግሞ ወደ ክራሩ። ክራር ሁለት ይሁን፤ አንዱ በትዝታ ቅኝት፣ ሌላው በባቲ ቅኝት ተቃኝቶ ይቀመጥ፤ በትዕይንት መሃል ክር እያጠበቁ ተመልካች ማስጠበቅ ነውር ነው።

ኪቦርዱ አይላላም ይሉናል። አዎ፣ አይላላም። አይሰማምም።

ቡናው የሚወቀጥበትን ትዕይንት እንውሰድ። መጀመሪያ ፍሬው ሙሉ ነውና ዘነዘናው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ቸኩለው ቢመቱት ፍሬው ከሙቀጫው ይፈናጠራል፣ ወቃጯ አፉን በእጇ የምትከልለውም ለዚህ ነው። ፍሬው ሲሰባበር ምቱ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይደፈናል። ከበሮ መቺው ይህን እያዳመጠ ነው የሚገባው፤ በመጀመሪያ በጣቱ ጫፍ፣ ቡናው ሲደቅ በመዳፉ፤ ከዚያ ክራሩ፣ ከዚያ እህትማማቾቹ በእስክስታ። የትዕይንቱ ፍጥነት ሙቀጫው ውስጥ ነው ያለው። በተቀዳ ሙዚቃ ግን ፍጥነቱ ስቱዲዮ ውስጥ ተወስኖ አልቋል፤ ተዋናይዋ ቡናውን ትታ ስፒከሩን ትወቅጣለች። ፍሬው አልታዘዝ ሲላትም ሙቀጫውን ባዶ ታደርገዋለች። ባዶ ሙቀጫ! የጅማ ተመልካች ፊት! የመጀመሪያዋ ምት ሳታርፍ አዳራሹ ሙሉ ያውቅባታል።

ምርቃቱስ? አባት ቆመው ሲመርቁ አዳራሹ «አሜን» ይላል፤ ይህን ማንም ሊከለክለው አይችልም። አንድ ቀን አሜኑ አጭር ነው፣ ሌላ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እልል ስትል ሌላው ይቀበላታል፣ ይረዝማል። ማሲንቆ መቺ ዓይኑ አባትየው ላይ ነው፤ አንዷን ድምፅ እየሳበ ያቆያታል፣ ሲቀጥሉ ይከተላቸዋል። ማጫወቻው እልልታ አይሰማም፤ አባትየው ገና «ከብቱን ያርባልን» ሲሉ እሱ ጭፈራው ላይ ደርሷል። ተዋናይዋን ጉንፋን ቢይዛትም ክራር መቺው ጉሮሮዋን ሰምቶ ቅኝቱን ዝቅ ያደርግላታል። የተቀዳውን ዝቅ ማድረግ የሚችል ማሽን አለ ትሉ ይሆናል። ዝቅ በሚለው ድምፅ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ዘፈን ነው የምንሰማው።

ማሲንቆ ለጅማ ባይተዋር ነው የሚል ደግሞ ተሰምቷል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ማሲንቆን ኦሮሞውም ይመታዋል፣ አማራውም ይመታዋል። በአባ ጅፋር ዘመን ከየአቅጣጫው ወደ ጅማው የሄርማታ ገበያ የወረደው ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ብቻ ይዞ፣ ዘፈኑን ቤቱ ትቶ መጣ? የየአካባቢው መሣሪያ አንድ መድረክ ላይ አይስማማም የሚለውንም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን አንድ ላይ አስቀምጦ መልሶታል።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ፦ ከበሮ ከተለቀቀ ዋሽንትን ይውጠዋል፣ የማሲንቆ ማይክም ወደ መድረክ ስፒከር ከዞረ ይጮኻል። ከበሮውን ከኋላ ያለ ማይክ፣ ዋሽንቱን ከፊት በማይክ፣ የማሲንቆውን ማይክ ከመሣሪያው አንድ ስንዝር አርቆ ከስፒከሩ ጀርባ ማስቀመጥ፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የአራት ሙዚቀኛ አበል ከከበደ አበል ከበደን ይበሉ፤ ዝናቡ ምን አደረጋቸው?

ውሳኔው ካልጸና ማንደጃው መድረኩ ጀርባ ይግባ። ከሰሉን ግን ደረቁን ግዙ፤ በክረምት ማዳበሪያው ተከፍቶ ዝናብ የነካው ከሰል ጭሱ ቆዳውንም የዘፋኞቹንም ጉሮሮ ይጎዳል።