የወርዋሪው ዕቁብ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ነውር ሠራሁ። አብሮኝ የሚሠራውን ፈረንጅ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ሱሪው የወለቀበት ያህል ደነገጠ። ፊቱ ቀላ፤ ግራና ቀኙን አየ፤ ከዚያም ነገ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ያወራኝ ጀመር። ኋላ አንድ የአገሬ ሰው ለብቻዬ ወስዶ መከረኝ፤ እዚህ አገር የሰው ዕድሜ፣ የሰው ክብደትና የሰው ደመወዝ አይጠየቅም። ምክሩን ተቀብዬ አፌን ዘግቼ ኖርኩ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የጥምቀት ሰሞን ግን ይኸው የደመወዝ ስም ሲነሳ የሚቀላ ሕዝብ፣ የአንድን ሰው ደመወዝ አደባባይ አውጥቶ እስከ ሳንቲሙ ሲበልተው አየሁ። የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ፣ ማክስ ሸርዘር የሚባል ወርዋሪ በሰባት ዓመት ውል በ210 ሚሊዮን ዶላር ማስፈረሙ ተሰማ።

የምሠራው መሀል ከተማ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ዋሽንግተን መኪናውን አቁሞ የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብ አይጠፋውም፤ ብዙውን ጊዜ ለአበሻ ነው። እኔ መኪና አቆማለሁ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበለው ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠኝ የአገሬ ሰው ነው፤ የዕቁባችን ጸሐፊ። ክረምት ሲሆን እግራችን ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናበራለን። መኪናቸው እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ሰዎች በማሞቂያዋ ሰበብ ይጠጋሉ፤ ከዚያ ወሬው ይሞቃል።

ቤዝቦልን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ባጭሩ ልንገረው። ወርዋሪው ከትንሽ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ለቆመው መቺ ኳሷን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስወነጭፍለታል። መቺው በዱላው ያገኛታል ወይም አያገኛትም፤ አብዛኛውን ጊዜ አያገኛትም። የቀረው ሰው ቆሞ ሱፍ ይፈረፍራል፤ ይተፋል። መጀመሪያ ዱላውን ሳይ የእኛው የገና ጨዋታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ እዚህ ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል።

ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የገረመው የሥራ ሰዓቱ ነው።

«በሳምንት ስንት ቀን ይወረውራል?» አለኝ።

«በአምስት ቀን አንዴ ነው ጋሼ። አራቱን ቀን ክንዱን ያሳርፋል።»

«ሰሞነኛ ነው በለኛ!» አለ። «እንዲያውም ሰሞነኛ ቄስ ሳምንቱን ሙሉ ይቀድሳል።»

የሸንጎው መሪ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። በሙሉ ልብሱ ላይ ቀይ የናሽናልስ ኮፍያ ይደፋል። ዜናው በተሰማ ማግስት ከአሳንሰሩ ሲወጣ ስልኩን እንደ ክስ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። «30 ዓመት ለሞላው ክንድ ሰባት ዓመት! አብደዋል! ገንዘባችንን ጨረሱት!» ወዲያው ሂሳቡን ሠራልን። 210 ሚሊዮን ለሰባት ሲካፈል በዓመት 30 ሚሊዮን ነው፤ ወርዋሪው በዓመት ሦስት ሺህ ያህል ኳስ ይወረውራል ብንል፣ አንዷ ኳስ አሥር ሺህ ዶላር ወጣች። አሥር ሺህ ዶላር! መቺው ሳይነካት የያዣው ጓንት ውስጥ ጧ ብላ ለምትቀር ኳስ።

ስለ «ገንዘባችን» አንድ ነገር ልበል። የቡድኑ ባለቤት ሌርነር የሚባል ቤተሰብ ነው፤ በሕንፃና በመሬት የከበረ። በ2008 የተከፈተውን ስታዲየም ግን ከተማው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሠርቶታል፤ ስለዚህ የዋሽንግተን ግብር ከፋይ «ገንዘባችን» ቢል ያምርበታል። የሂሳብ ባለሙያው የሚኖረው ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ነው፤ ለዋሽንግተን ከተማ ግብር አይከፍልም። ግብር የምንከፍለው እኔና ጸሐፊው ነን፤ እኛ ደግሞ ዝም ብለናል።

በሁለተኛው ቀን የውሉ ዝርዝር ወጣና ነገሩ ተወሳሰበ። ለካ ገንዘቡ በሰባት ዓመት የሚከፈል አይደለም። ሰውየው የሚጫወተው ሰባት ዓመት፣ የሚቀበለው ግን አሥራ አራት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን፣ እስከ 2028 ድረስ። የሂሳብ ባለሙያው ስለ ገንዘብ የዛሬና የነገ ዋጋ ረጅም ትምህርት ሰጠን። ጸሐፊው በጥሞና አዳመጠና፣

«ገባኝ፤ ዕቁብ ነው» አለ።

«የምን ዕቁብ ጋሼ?» አልኩ። «ዕቁብተኛ እኮ ጥሎ ነው የሚወስድ። ይህ ሰው ምን ጣለ?»

«ኳስ ነዋ!»

«ይህማ ዱቤ ነው። ሠርቶ ክፍያው እየተንጠባጠበ ይመጣለታል።»

«ዱቤ ቢሆን ባለሱቁ ይጨነቃል። ይኼ ተጨንቋል?» የሸርዘርን ፎቶግራፍ ከስልኬ ላይ አየ። የሰውየው አንድ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነው። ጸሐፊው ፎቶግራፉን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየና፣ «በአንዱ ዓይኑ የዛሬውን፣ በአንዱ የነገውን የሚያይ ሰው ነው» ብሎ ፈረደ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ገልብጦ፣ በዕቁብ መዝገብ እጁ አሥራ አራት መስመር አሰመረ፤ ከ2015 እስከ 2028 ጻፈ፤ ከመጀመሪያው ጎን «ወሰደ» ብሎ ምልክት አድርጎ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ለፈረንጆቹ ሲያስረዳቸው ያሳለፈው ጊዜ ጉድ ነው። አንዲት ጠበቃ ዕቁቡ ውስጥ መግባት ትችል እንደሆነ ጠይቃለች።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ አንድ ሰው ብቻ አይቆጣም፤ የሕንፃው ዘበኛ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሰባዎቹን የተሻገሩ፤ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን እኒያን ሰው በአማርኛ አንተ ብዬ ብጽፍ እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች። አንድ ቀን የሂሳብ ባለሙያው «ተጫዋቾች ስግብግብ ሆኑ፤ ድሮ ለማሊያቸው ፍቅር ነበር የሚጫወቱት» ሲል፣ ዘበኛው ቡናቸውን ማሞቂያዋ አጠገብ አስቀመጡ።

«ድሮማ መውጫ ስላልነበራቸው ነው» አሉ።

ከዚያም ከርት ፍለድ ስለሚባል ተጫዋች ነገሩን። በ1969 የሴንት ሉዊስ ቡድኑ ሳይጠይቀው ወደ ፊላደልፊያ ለወጠው። በዚያ ዘመን ተጫዋች አንድ ጊዜ ከፈረመ ባለቤቱ እስኪለቀው ድረስ የባለቤቱ ነበር፤ ውሉ ቢያልቅም ውሉ አያልቅም። ፍለድ ግን እንደ ዕቃ አልሸጥም አለ፤ ክስ መሠረተ፤ ከእኛ ማቆሚያ ብዙም የማይርቀው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1972 በአምስት ለሦስት ድምፅ ተረታ። በመካከሉ በ1971 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ለያኔው ሴናተርስ ቡድን አሥራ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ተወው። ዘበኛው አይተውታል። ተጫዋቾች ውላቸው ሲያልቅ ወደፈለጉት ቡድን የመሄድ ነፃነት ያገኙት በ1975 በተሰጠ የሽምግልና ውሳኔ ነው፤ ለፍለድ አልደረሰለትም።

«ሴናተርስስ የት ሄደ?» አለ ጸሐፊው።

«ባለቤቱ ወደ ቴክሳስ ወሰደው። ተጫዋች ሲሄድ ስግብግብ ነው፤ ባለቤት ሲሄድ ንግድ ነው» አሉ። በመጨረሻው ምሽት ቡድናቸው እየመራ፣ አንድ መቺ ብቻ ማስወጣት ሲቀረው ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ ሣሩን እየነቀለ ወሰደ፤ ጨዋታውም ለኒው ዮርክ ያንኪስ በፎርፌ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ከተማው እስከ 2005 ድረስ ቡድን አልነበረውም። የሂሳብ ባለሙያው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ መኪናውም መጣለት።

ሸርዘር ሥራ ጀመረ። የዚያኑ ዓመት በሰኔ፣ አንድም መቺ ሳያሳልፍ ጨዋታውን ሊጨርስ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረው፣ ኳሷ የመጨረሻውን መቺ ክርን ነካች። ፍጹም የሚባለው ጨዋታ በክርን ጠፋ። የሂሳብ ባለሙያው በማግስቱ «አላልኩም?» አለ። በግንቦት 2016 የቀድሞ ቡድኑን የዲትሮይትን መቺዎች ሃያ ጊዜ ባዶ አየር ሲያስመታ፣ ይኸው ሰው «አላልኩም?» አለ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ፤ ዲትሮይት በ2014 መጋቢት ላይ 144 ሚሊዮን ሊሰጠው ብሎ ሸርዘር እምቢ ሲል ብዙ ሰው ስቆበት ነበር። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ግን አልሳቀም። የመርካቶ ደላላ ቦራስን ቢያገኘው እግሩን ያጥብለት ነበር።

በ2019 ቡድኑ ለዋንጫው ፍልሚያ ደረሰ። በአምስተኛው ጨዋታ ዕለት ሸርዘር አንገቱ ተቆልፎ ከአልጋ መነሳት አቃተው። ሰኞ ጠዋት የሂሳብ ባለሙያው ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «210 ሚሊዮን ከፍለን አንገት አጣን!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው ምን ዓይነት ትራስ ቢተኛበት ነው ብሎ አዘነለት፤ ኑግ ቢታሽ ይሻለው ነበር አለ። ረቡዕ ማታ ሰውየው ሂዩስተን ላይ ለመጨረሻው ጨዋታ ቆሞ ወረወረ፤ ናሽናልስ 6 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በማግስቱ የሂሳብ ባለሙያው አቅፎኝ አለቀሰ። ኮቱ ትከሻዬ ላይ እንደተጫነ፣ «ገና ሲፈርም ብያለሁ፤ ይህ ሰው በ210 ሚሊዮን ርካሽ ነው ብያለሁ!» አለኝ።

ዘበኛውን አየኋቸው። ቡናቸውን ያማስላሉ።

አሁን ነው ጉዱ። የዚያ ፍልሚያ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ሸርዘር አልነበረም፤ ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር፤ ያም ወርዋሪ ነው። ይህ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የቡድኑ ልጅ፣ በ2009 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠ። ዋንጫው ከተወሰደ ከአርባ ቀን በኋላ ናሽናልስ በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን አስፈረመው። ለወርዋሪ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ ክብረ ወሰኑ ግን ሁለት ቀን እንኳ አልዋለም፤ ያንኪስ ጌሪት ኮልን በ324 ሚሊዮን ወሰደው። የሁለቱም ደላላ ያው ቦራስ ነው።

ስለ ስትራስበርግ ማሞቂያዋ ዳር አንድም ሰው አልተከራከረም። አንዷ ኳስ ስንት ትወጣለች ያለ የለም። የሂሳብ ባለሙያው ስልኩን እንኳ ከኪሱ አላወጣም፤ «ልጃችን እኮ ነው» አለ። ስትራስበርግም ውሉን ከፈረመ በኋላ ሕመም ጠናበት፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረና ክንዱ እምቢ አለ። ለሕመሙ ማዘን ይገባል፤ እኔም አዝናለሁ። ግን ያ አሥር ሺህ ዶላር ወጣች ተብሎ የተጮኸባት ኳስ ትዝ አለችኝና፣ አንድ ምሽት በትኬት ጀርባ ብቻዬን አካፈልኩ፤ አንዱ ጨዋታ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ለሂሳብ ባለሙያው አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና፣ «ይህን ውል እኔ ከጥንትም አልወደድኩትም» አለኝ።

ሸርዘር በ2021 ሐምሌ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተለወጠ። እሱ ቢሄድም ናሽናልስ መክፈሉን ቀጥሏል፤ ጸሐፊውም በየዓመቱ ጥር ላይ መስታወቱ ላይ ባለችው ትኬት «ወሰደ» ማለቱን ቀጠለ። ሰውየው ለሌላ ቡድን ሲወረውር እንኳ አልተወውም፤ «ዕቁብ ሰፈር ስለቀየርክ አይቀርም» ይላል።

በ2023 ታኅሣሥ ትኬቷ ላይ ዘጠኝ ምልክት ተደርጎ አምስት መስመር ሲቀር፣ የሾሄይ ኦታኒ ወሬ መጣ። ይህ ጃፓናዊ ይወረውራልም፣ ይመታልም። ከዋሽንግተን ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ሸንጎው ግን ተሰበሰበ። ዓርብ ዕለት አንድ የግል አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ወደ ቶሮንቶ እየበረረ ነው ተባለና፣ ስንት ሺህ ሰው በስልኩ ላይ አውሮፕላኗን ተከተለ፤ የእኛም የሂሳብ ባለሙያ ሦስት መኪና ከኋላው እየጠበቀ መውጫው ላይ ቆሞ ተከተላት። አረፈች። የወረደው ሌላ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ኦታኒ ቤቱ ነበር። በማግስቱ ከዶጀርስ ጋር በአሥር ዓመት 700 ሚሊዮን መስማማቱን አስታወቀ።

ጸሐፊው አዲስ ትኬት ገልብጦ ተዘጋጀ። ዝርዝሩ ሲመጣ አነበብኩለት፤ በየዓመቱ የሚወስደው ሁለት ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የቀረውን 680 ሚሊዮን ከ2034 እስከ 2043፣ ያለ ወለድ።

«ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማሞቂያዋን በእግሩ ገፋ አደረገ።

«ሠላሳ ዓመት ዕቁብ ጽፌአለሁ» አለ። «የመጀመሪያውን ዕጣ ስጡኝ ብሎ ያላለቀሰ የለም። ልጄን ልድር፣ እናቴ ታማለች፣ ቤት ጀምሬአለሁ ያላለ የለም። የመጨረሻውን ስጡኝ ብሎ የለመነ ሰው ግን አላየሁም።» ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዘወር አለ።

«ለመሆኑ የዚህ ዕቁብ ዳኛ ማን ነው?»