የቆሞ ቀሯ እንቆቅልሽ

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ እዚህ ሜሪላንድ በሳምንት አንድ ማታ ከሚሰፉ ሴቶች ጋር እቀመጣለሁ። የሚሰፉት ኩዊልት ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካሬ ካሬ አድርገው ገጣጥመው፣ ከሥሩ ጥጥ አስገብተው የሚሠሩት የአልጋ ልብስ። እናቴ ፎቶውን ስታይ “ድሪቶ ለመስፋት ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?” ብላ ስቃብኛለች።

እያንዳንዱ ካሬ ንድፍ አለው፣ ንድፉም ስም። ለጀማሪ ተብሎ የተሰጠኝ በሁለት ቀለም ከካሬና ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚገጠም ነው። ሲያዩት ቀላል፣ ሲሰፉት ተንኮለኛ። ሦስት ማዕዘን በሰያፍ ስለሚቆረጥ ጨርቁ እጅ ላይ ይለጠጣል፤ ስፌቱ ከጠርዙ ከሩብ ኢንች ትንሽ ካለፈ ደግሞ ሹሉ ጫፍ ይዋጣል። ሁለቴ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። ስሙን ስጠይቅ አጠገቤ ያሉት ባልቴት ትንሽ አመነቱና “ኦልድ ሜይድስ ፐዝል” አሉኝ። በሆዴ ተረጎምኩት፦ የቆሞ ቀሯ እንቆቅልሽ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እቤት የማውቀው ስድብ ባሕር ማዶ በጨርቅ ተሰፍቶ ይጠብቀኛል ብዬ አልገመትኩም።

ስያሜው የአንድ ክፉ ሰው ሥራ አይደለም። ንድፎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጋዜጣና በካታሎግ ሲታተሙ መጽሐፍ ቅዱሱም፣ ፖለቲካውም፣ የሰፈሩ ወሬም ስም ሆኖ አብሯቸው ታተመ። “የያዕቆብ መሰላል” አለ፣ “የሰካራም መንገድ” አለ። ስም ደግሞ ይቀየራል። “ተንከራታች እግር” የሚባል ንድፍ ነበር፤ ከሥሩ የተኛ ልጅ አድጎ አገር ለአገር ሲዞር ይቀራል ተብሎ ስለተፈራ “የተርኪ ዱካ” አሉት ይባላል፤ ተርኪ ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ነው። ለልጅ ሲሆን ስሙ ተቀየረ። ቆሞ ቀሯ ግን እንዳለች አለች።

ሴቶቹ የታሪክ ሴቶችን የሚያስታውሱ ካሬዎችም ይሰፋሉ፤ ሐምራዊ፣ ነጭና ወርቃማ፣ የሴቶች የምርጫ መብት ታጋዮቹ ቀለም። የሱዛን አንቶኒ ተራ ሲደርስ ጨዋታው ደራ። በ1872 ሮቸስተር ላይ ሴት እንዳትመርጥ የሚከለክለውን ሕግ ጥሳ ድምፅ ሰጠች፤ ታሰረች፤ 100 ዶላር ተቀጣች፤ ሳትከፍል ሞተች። የዘመኑ ጋዜጦች ባል ያጣች ኮስታራ አድርገው ይስሏት ነበር። የትግል ጓደኛዋ ኤልዛቤት ስታንተን ሰባት ልጆች ነበሯት፤ ስታንተን ንግግር ስትጽፍ ልጆቹን የምትይዘው አንቶኒ ነበረች። እሷም ብትሆን ቅድስት አልነበረችም፤ ትግሉ ላይ የምትፈልጋቸው ጓደኞቿ በወለዱ ቁጥር ትነጫነጭ ነበር። ይህን ስሰማ ይበልጥ ወደድኳት። ከጠረጴዛው ማዶ ግን አንዷ “ልጆቿ እኮ እኛ ነን” አለች፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

እኔን የሚከነክነኝ ይኼ ነው። ከስድቡ ይልቅ ማጽናኛው። ያልወለደች ሴት ትልቅ ሥራ ከሠራች ወዲያው ልጅ እንፈልግላታለን፤ ሕዝብ እንሰጣታለን፣ አገር እንሰጣታለን። ባዶ እጇን እንዳትቀር። እጇ ባዶ ነው ያለው ግን ማን ነው?

ከምኖርበት በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን የተወለደችበት ዶርቸስተር አለ። በዚያ ዘመን ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ አባቱ ነፃ ቢሆንም ባሪያ ነበር፤ የጌታው ንብረት። የመጀመሪያ ባሏ ጆን ተብማን ነፃ ሰው ነበር፤ ቢወልዱ ግን ልጁ ሊሸጥ ይችል ነበር። በ1849 ስታመልጥ ለትዳሯ የሰፋችውን ኩዊልት መንገድ ላስጀመረቻት ነጭ ሴት እንደሰጠች ይተረካል። አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 ሰው አወጣች። ኋላ ከሁለተኛ ባሏ ጋር አንዲት ሕፃን በማደጎ አሳደገች። “ለምን አልወለደችም?” የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ይመስላል? ማጽናኛውስ?

እኛ ዘንድም ያው ነው። ጣይቱ ብጡል መቀሌ ላይ ጣልያን የሚጠጣውን ምንጭ ያስያዙ፣ አዲስ አበባን የሰየሙ ሴት ናቸው። ስለሳቸው ሲወራ ግን “አልወለዱም” የምትል ቃል ጥግ ይዛ ትጠብቃለች፤ “ልጃቸው ኢትዮጵያ ናት” የምትለው ደግሞ ሮጣ ትደርስላታለች። ባላቸውን “እምዬ” ስንል ማንም ማኅፀን አይጠይቅም። ለእቴጌይቱ ምንጩ ለምን አይበቃም?

የዘመዶቼን ፍቅር አልክድም። “ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ” የሚሉኝ መርቀውኝ ነው፤ አሜን እላለሁ፣ ክርክር አልገጥምም። ባለፈው እሑድ ግን የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ ኩዊልቱን አልጋው ላይ ተዘርግቶ አየችው።

“ውይ ሲያምር! ለሕፃን ነው?”

“ለእኔ ነው።”

“አይ፣ ማለቴ… ለማን አስበሽ ነው?”

“ለእኔ አልኩሽ፤ እዚህ ይበርዳል።”

ዝም አለች። ስልኩን አስጠግቼ ሹል ጫፎቹን አሳየኋት፤ አንድም የተዋጠ የለም።