ታሊን ኮከብ ብቻ ይዛ እንዳትቀር

ስለ ባልቲክ ከተሞች ምግብ ሲወራ ወሬው ሁሉ ሚሽሊን ሚሽሊን ሆኗል፣ ለምርጥ ሬስቶራንቶች ኮከብ የሚሰጠው የምግብ ቤቶች ጋይድ። ይገባኛል፣ ትልቅ ነገር ነው። ኢስቶኒያ በ2022 ከሦስቱ የባልቲክ ሀገሮች ቀድማ ጋይዱ ውስጥ ገባች፣ ላትቪያ በ2023 ሊትዌኒያ በ2024 ተከተሏት፣ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ያለው የሼፍ ማቲያስ ዲተር ሬስቶራንት ደግሞ መጀመሪያ አንድ ኮከብ አገኘና በዓመቱ ሁለተኛውን ጨመረ። 1.3 ሚሊዮን ምናምን ህዝብ ላላት ሀገር ቀላል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኮከብ የሌላቸው፣ ሰው በስራ ቀን ምሳ የሚበላባቸው ቤቶች ናቸው፣ መንግስት በቫት እያነቃቸው ነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ ሲያወራው አልሰማም።

የምኖረው ሄልሲንኪ ነው። ታሊን በመርከብ 2 ሰዓት ስለሆነች እኛ እዚህ ያለን ሀበሾች እረፍት ስናገኝ ብድግ ብለን እንሄዳለን፣ ድሮ ብዙዎቻችን የምንሄደው ለዋጋው ነበር፣ እኔ አሁንም የምሄደው ለምግቡ ነው። ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ ካላማያ የሚባል የድሮ የእንጨት ቤቶች ሰፈር አለ፣ ከሱ አጠገብ ቴሊስኪቪ፣ ድሮ የባቡር ፋብሪካ የነበረ ግቢ ዛሬ በሬስቶራንትና በስቱዲዮ የተሞላ። ትንሽ ወደ ባህሩ ሄድ ሲሉ ኖብለስነር ነው፣ በሩሲያ ነገሥታት በዛሮቹ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ይሰራበት የነበረ ቦታ፣ ያ ባለ ሁለት ኮከቡ ቤትም እዛው ነው ያለው።

በነዚህ ሰፈሮች እኩለ ቀን ላይ "ፔቫፕራድ" የሚሉት ነገር አለ፣ የቀኑ ምግብ ማለት ነው። ማታ ላይ ውድ የሆነው ቤት ራሱ ምሳ ላይ አንድ ወይ ሁለት ምግብ መርጦ በቅናሽ ያቀርባል፣ የቢሮ ሰራተኛውም ግንበኛውም ተማሪውም ይመጣል፣ ያው ሼፍ ያው ኩሽና ነው። (አሳማ የማትበሉ ካላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ቀን የቀኑ ምግብ እሱ ነው።)

አንድ ሳህን ልንገራችሁ። ጥቁር ዳቦ፣ ራይ ከሚባለው እህል የሚጋገር፣ በእርሾ ስለሚቦካ ኮምጠጥ ይላል፣ እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ላዩ ላይ ቅቤ በደንብ ይቀባል፣ ከዛ በጨውና በቅመም የቆየ ኪሉ የሚሉት ጣት የሚያክል የባልቲክ አሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሽንኩርት ቅጠል። በቃ ይሄው ነው። የድሃ ምግብ ነበር፣ ዛሬ ወጣቶቹ ሼፎች ሳያፍሩበት ያቀርቡታል፣ ዳቦውን ራሳቸው ይጋግራሉ፣ በበጋ ከጫካ የተለቀመ እንጉዳይና ቤሪ አድርቀውና ኮምጣጤ ውስጥ አስቀምጠው ክረምቱን ሙሉ ይጠቀሙበታል። እኔ ይሄን ነው ዘመናዊ ምግብ የምለው፣ ሰው የራሱን መሬት ይዞ በራስ መተማመን ሲያበስል።

አሁን ወደ ታክሱ። ኢስቶኒያ ለሬስቶራንት የተለየ ዝቅተኛ ቫት የላትም፣ ሬስቶራንቱ የሚከፍለው እንደማንኛውም ሱቅ ሙሉውን ነው። ቫቱ 20% ነበር፣ በ2024 22% ሆነ፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ 24%። ማዶ ፊንላንድ ለሬስቶራንት ምግብ 14% ገደማ ነው። ሂሳቡን ስሩት፣ ባለቤቱ እጅ 10 ዩሮ እንዲገባ ታሊን ላይ ሳህኑ 12.40 መሸጥ አለበት፣ ሄልሲንኪ ላይ 11.40 ይበቃል። አንድ ዩሮ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ ምሳውን በየቀኑ ውጭ ለሚበላ ሰው ግን በጣም ያደርጋል፣ ስለዚህ ምሳውን ከቤቱ ሰርቶ በዕቃ ይዞ ይመጣል፣ የሬስቶራንቱ ወንበር ባዶ ይቀራል። ለረጅሙ የእራት ሜኑ ከመቶ ዩሮ በላይ የሚከፍለው ቱሪስት ግን ልዩነቱን አያየውም።

የታክሱ ምክንያት መከላከያ ነው፣ ሩሲያ ድንበር ላይ ሆነው በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ያዩ ሰዎች ናቸው፣ ገንዘቡ ያስፈልጋቸዋል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እነዚህ ቤቶች ከኮሮና ሳያገግሙ ያንኑ ዓመት ከ19% በላይ የዋጋ ንረት መታቸው፣ የሩሲያ ቱሪስትም ቀረ። በዛ ላይ ታክስ ሁለት ጊዜ መጨመር ጀርባቸውን መስበር ነው።

ቫት ቢቀንስ ባለቤቱ ኪሱ ይከተዋል እንጂ ዋጋ አይቀንስም የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም አይቀንስም። ቢሆንም ያ ገንዘብ የምግብ አብሳይ ደሞዝ ቢሆንስ? እነዛ ባለ ኮከብ ቤቶች ውስጥ የሚሰሩት ልጆች እኮ ቢላዋ መያዝ የተማሩት እንደዚህ ባለ የምሳ ኩሽና ውስጥ ነው። ሀገሪቱ በቱሪዝም በኩል ሚሽሊንን ለማምጣት ገንዘብ አውጥታለች፣ ጥሩ አድርጋለች፣ እንግዲህ ፓርላማው ለሬስቶራንት ምግብ ለብቻው ዝቅ ያለ ቫት ያውጣ፣ የፊንላንዱን ያህል እንኳን ባይሆን ወደ ድሮው 20% ይመልሰው።

እስከዛ የምትሄዱ ካላችሁ በስራ ቀን ሂዱ፣ እሁድና ሰኞ የሚዘጉ ቤቶች አሉ። አሮጌው ከተማ አደባባይ ላይ እጃችሁን ይዞ የሚያስገባችሁን ሬስቶራንት ትታችሁ ካላማያ ድረስ በእግር ውጡ፣ ለምሳ ቶሎ ድረሱ፣ የቀኑ ምግብ ካለቀ አለቀ ነው።