የንጉሡን እናት ማን ያስታውሳል?

መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሁሉ አስጢንንም አስቴርንም ያውቃል። «ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ» የገዛው ንጉሥ አርጤክስስ ደግሞ፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ በታሪክ ዜርክሲስ የሚባለው ነው። እናቱን ግን የሚያነሳት የለም። ስሟ አቶሳ ነው፤ ስሟ መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

አቶሳ የፋርሱ ንጉሥ የታላቁ ቂሮስ ልጅ ናት። ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ሞተ፤ ወንድሟ ካምቢሲስ ነገሠና አገባት። የገዛ ወንድሟ! በ522 እሱም ሲሞት የቂሮስ ልጅ ባርዲያ ነኝ ብሎ ዙፋኑን የያዘው ሰው ወሰዳት። የፋርስ ባላባት የነበረው ዳርዮስ ደግሞ «ይሄ የቂሮስ ልጅ ባርዲያ አይደለም፣ ጋውማታ የሚባል አስመሳይ ነው» ብሎ ገደለው። ከዚያ በተራው አገባት።

ሦስት ጊዜ ንግሥት መሆን ዕድል ይመስላል። ለእኔ አይመስለኝም። ዳርዮስ ዙፋኑን በጉልበት ያዘ እንጂ የቂሮስ ልጅ አልነበረም። የቂሮስ ደም ያስፈልገው ነበር፤ ያንን ያገኘው በእሷ ነው። ፈቃዷን የጠየቃት ይኖር ይሆን?

የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጻፈው አንድ ነገር አለ፤ ካነበብኩት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ትንሽ ሳለ አፍራ ደበቀችው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ፈንድቶ ሲሰፋባት ነው ዴሞኬዲስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም ያስጠራችው። እሱም አዳናት። ያን ሁሉ አገልጋይ ይዛ፣ ብቻዋን እየዳበሰች ዝም! ዛሬም ነጠላዋን ደርባ እንዲሁ ዝም የምትል እናት አለች። ለዚህ ነው አቶሳ ሩቅ የማትመስለኝ።

ዳርዮስ ከመንገሡ በፊት ከሌላ ሚስቱ የወለደው የበኩር ልጅ ነበረው፤ አርጦባዛኔስ ይባላል። በ486 የነገሠው ግን የአቶሳው ዜርክሲስ ነው። ሄሮዶቱስ «ሥልጣኑ ሁሉ በእጇ ነበር» ይላል። እሱ ግሪካዊ ነው፤ የጻፈው ስለ ጠላት ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሥ ሚስቶች ምን ሥልጣን እንደነበራቸው ለማወቅ እኔ የበለጠ የማምነው የፋርስ ነገሥታት ከተማ በነበረችው በፐርሴፖሊስ የተገኙትን የሸክላ ጽላቶች ነው። እዚያ ላይ እህቷ አርቲስቶኔ አለች፤ እሷም የዳርዮስ ሚስት ነበረች። ንጉሡ ከራሱ ንብረት 100 በግ እንዲሰጣት ያዝዛል። የራሷ ርስት ነበራት። ለሠራተኞቿ ደብዳቤ ስትልክ የምታትመውም በባሏ ሳይሆን በራሷ ማኅተም ነበር።