ማስተካከያ፦ የኮንክሪት መዋኛ ገንዳ ውሃ ስለሚሞላበት ጊዜ

በመኖሪያ ግቢ ስለሚሠራ የኮንክሪት መዋኛ ገንዳ ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ ኮንክሪቱ በተሞላ በ7ኛው ቀን ገንዳው ውሃ መያዝ እንደሚችል የተገለጸው እንደሚከተለው ይስተካከላል። 7 ቀን ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ውሃ እየጠጣ ሊቆይ የሚገባው ዝቅተኛ ጊዜ እንጂ የውሃን ግፊት ለመሸከም የሚበቃበት ጊዜ አይደለም፤ በዲዛይን የሚታሰበው ጥንካሬ በ28ኛው ቀን የሚደርስበት መጠን በመሆኑ፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢቸኩል እስከዚያ መታገሥ አለበት። የመጀመሪያው ሙሌትም ለፍተሻ ነው፤ ልስንና ሴራሚክ ከመሠራቱ፣ በግድግዳው ዙሪያም አፈር ከመመለሱ በፊት ውሃው ለጥቂት ቀናት ተይዞ የሚያንጠባጥብ ስፍራ፣ በተለይም ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር፣ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ባለቤቱን ለከባድ ወጪ ይዳርጋል።

ገንዳው በክረምት ባዶ ሆኖ እንዲታጠብ የተሰጠው ምክርም ተሰርዟል። በሐምሌና በነሐሴ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ባዶ ገንዳ ከሥር በሚገፋው ውሃ ሊነሳና ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ይህ ሥራ ለበጋ ይተላለፍ። እንደ ቦሌና አቃቂ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች ደግሞ፣ አፈሩ ሲርስ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚኮማተር በመሆኑ፣ መሐንዲስ ሳያየው ቁፋሮ መጀመር አይገባም።