ዝንብና የብሎካችን ኮሚቴ

ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ውሃ ሳይገባለት፣ መብራት ሳይገባለት ዝንብ ይገባለታል። ያለ ዕጣ፣ ያለ ቅድመ ክፍያ። ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ብሎ እስኪጠራችሁ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ዝንብ ግን ዕቃው ከአይሱዙ ሳይወርድ ተዋውቋችሁ ጨርሷል።

ይሉኝታ ቢስ እንለዋለን እንጂ ከስንቱ እንግዳ ይሻላል። ሥጋ ቤት ቁጭ ብላችሁ ቁርጥ ስታዙ አስተውሉት። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያርፍና የፊት እግሮቹን እያፋተገ ይታጠባል። ለወጉ እንዳይመስላችሁ! ዝንብ በእግሩ ጭምር ነው የሚቀምሰው፤ እግሩ ካደፈ ጣዕም ይጠፋበታል። አጠገባችሁ ያለው ሰውዬ ግን ከታክሲ እንደወረደ ጣቱን አዋዜው ውስጥ ነከረ።

የቤት ዝንብ የሚያኝክበት ጥርስ የለውም። ጠጣር ነገር ሲያገኝ ምራቁን፣ አንዳንዴም ከሆዱ መልሶ ያፈስበትና አሟሙቶ ይመጠዋል። እዚህ ላይ ጠበቃ ልቆምለት አልችልም።

አስተናጋጁ ጭራውን ቢያነሳም ልፋት ነው። የዝንብ ዐይን በሰከንድ እስከ 250 ገደማ ብልጭታ ለይቶ ያያል፤ የእኛ 60 አካባቢ ሲደርስ ይምታታበታል። በንዴት የሰነዘርነው ጥፊ ለእሱ እየተንቀረፈፈ የሚመጣ ነገር ነው። ተረጋግቶ ይነሳና የአስተናጋጁ ግንባር ላይ ያርፋል።

ብርሌ አፍ ላይ የምትዞረው ትንሿ ዘመዱ፣ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ደግሞ ሌላ ጉድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴቷ እንቢ ያለችው ወንድ ከተሳካለት ይልቅ አልኮል ያለበትን ምግብ ያዘወትራል። ለዚህ ቤተ ሙከራ ምን አስፈለገ? የሰፈራችን ጠጅ ቤት ይበቃ ነበር።

ወደ ብሎካችን ልመለስ። ቆሻሻው ደረጃው ሥር ተከምሯል። ሴቷ የቤት ዝንብ እዚያ በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ሙቀቱ ከተስማማው በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ኮሚቴው በወር አንዴ ይሰበሰባል። ባለፈው "የዝንብ ጉዳይ" የሚለው አጀንዳ ከረዥም ውይይት በኋላ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላለፈ። በቀጣዩ በዝንቦች በኩል የልጅ ልጆቻቸው ተሟልተው ተገኙ፤ ከነዋሪው ግን የመጣነው ጥቂት ስለነበርን ስብሰባው በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ተበተነ።